ለሰባ ዓመት ሰው ደህና ነው

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤ በ«ውድ» እንደሚጀመር ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው እንዲህ የጀመርኩት። ከዚህ በታች ያለውን አንብበው ሲጨርሱ ቃሉን ቢሰርዙት አልቀየምም። እንደምን ሰነበቱ ብዬም አልጠይቅዎትም፤ እንዴት እንደሰነበቱ ባለሱቁ ሁሴኖ ነግሮኛል። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፣ ከሥራ ግን ታግጃለሁ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። አምና በግንቦት እኔ የምሠራበት ሆስፒታል መጥተው ራስዎ ላይ ሽቦ ለጥፌ የመረመርኩዎት ጊዜ፣ አንጎልዎ ደህና ነበር። እንዳይጠራጠሩ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ደህና ነበር። ያየሁት የሰባ ዓመት ሰው አንጎል ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። «የአእምሮ ድካም» የሚለው ወረቀት የወጣብዎ በእኔ ነው። አውቄ ነው ያደረግኩት። ወንድሜን አሳምነውን አሳልፈው ስለ ሰጡብኝ ነው ያደረግኩት።

አሁን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ጊዜ እንደሁ ሞልቶዎታል።

እርስዎ የሰው ዕድሜ ሰጪ ነበሩ። የቀበሌ መታወቂያ መታደል የጀመረ ጊዜ የእጅ ጽሑፍዎ ስለሚያምር መዝገቡን እንዲጽፉ ተለመኑ፤ ከአውራጃው መዝገብ ቤት ሥራዎ ውጪ ቅዳሜና እሑድ ይጽፉ ነበር። እኔ ገና ነርስነት ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ አጠገብዎ ተቀምጬ ወረቀት አቀብልዎት ነበር። የተወለደበትን ዓመት የሚያውቅ ከሃያ ሰው አንድ አይገኝም። ፋጡ የምትባለዋን ቅቤ ሻጭ ያስታውሷታል?

«ጣሊያን ሲገባ ትሄጂ ነበር ወይስ ትድሂ ነበር?» አሏት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ኦቦ? እናቴ ገብስ ስታጭድ ነው የወለደችኝ።»

«የየትኛውን ዓመት ገብስ?»

«የእኛን ማሳ ገብስ ነዋ።»

ጥርሷን አዩ፣ እጇን አገላብጠው አዩ፣ አርባ ሁለት ብለው ጻፉ። ሴትዮዋ መርቃዎት ሄደች። ሰዉ «አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ዕድሜ ሰጠኝ» ሲል ይሰሙና ደስ ይልዎት ነበር።

ለራስዎ ግን ቀነሱ። በ1908 ተወልደው በ1924 ብለው አስጻፉ። መንግሥት ሥራ ሊገቡ ሲሉ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አንቀጥርም ተብለው፣ ሁለት ምስክር አቁመው አሥራ ስድስት ዓመት አስወረዱ። ይህን እናቴ ነግራኛለች፤ በዚህ አልፈርድብዎትም፣ ብዙ ሰው አድርጎታል። ከዚያ በኋላ ግን ውሸቱን እየኖሩ መቀጠል ነበረብዎት። በወር ሁለት ጊዜ ከሁሴኖ ሱቅ በማመጣልዎ ቀለም ጸጉርዎን ያጠቁሩ ነበር። ሰው ስለ ጣሊያን ጊዜ ሲያወራ «እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ» ይሉ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሞልቶዎት ነበር። ምስክሮቹ ሞቱ፣ እናቴ ሞተች፣ እውነተኛውን ዓመት የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

የአሳምነውን ዕድሜ ግን ማንም ገምቶ አልሰጠውም። ጥር 1962 ነው። እናቴ እሱን በወለደች በሦስተኛው ቀን ስለሞተች ቀኑን ልረሳው አልችልም። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በጡጦ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ጥርስ ሲያወጣ የነከሰው የእኔን ጣት ነው። እርስዎ ያደረጉለት ነገር ቢኖር ቶሎ ትምህርት ቤት እንዲገባ ሁለት ዓመት ጨምረው ማስመዝገብ ነው። ይኸው እሱም ጭማሪ ነበር።

በ1977 ለጥምቀት አሰላ መጥቼ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሀይሉ ቤታችን መጡ። ለብሔራዊ ውትድርና አሥራ ሁለት ልጅ እንዲያቀርቡ ታዘው አሥራ አንድ ብቻ ነበራቸው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። የተባባላችሁትን ሁሉ መስማቴን እስከ ዛሬ አያውቁም።

«ልጅዎ ቁመቱ ዘለግ ብሏል» አሉ ጓድ ሀይሉ።

«ቁመቱ ነው እንጂ ገና ልጅ ነው፣ ጓድ።»

«ዕድሜ የሚጽፉት እርስዎ አይደሉ? ሰሞኑን የእርስዎንም መዝገብ አንስቼ ሳገላብጥ ነበር። ለሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ብዙ የድሮ ነገር ያስታውሳሉ ይሉኛል።»

እርስዎም «አፀደ፣ ሻይ አምጪ» ብለው ተጣሩ። ሻዩን ይዤ ስገባ እየጻፉ ነበር። በማግሥቱ የቀበሌው ግድግዳ ላይ ዝርዝሩ ሲለጠፍ አሥራ ሁለተኛው ስም አሳምነው ወልደ ጊዮርጊስ፣ ዕድሜ 18፣ በዚያ በሚያምር እጅዎ ተጽፎ አገኘሁት። ከራስዎ የቀነሱት እንዳይታወቅ ለልጅዎ ሦስት ዓመት ጨመሩለት።

«አባባ፣ አሥራ አምስት ዓመቱ እኮ ነው» አልኩዎት።

«ውትድርና ሰው ያደርገዋል» አሉኝ። ዓይኔን አላዩም።

ሄጄ ለምን አልተናገርኩም ይሉ ይሆናል። መዝገብዎ ከተነሣ በአሻጥር ያስሩዎታል ብዬ ፈራሁ። ያኔ ገና እወድዎት ነበር። ፍቅሩ ያለቀው ልጁ የተጫነበት መኪና ቁልቁል ወደ ናዝሬት ሲወርድ፣ እርስዎ ሰዓትዎን አይተው ወደ ቢሮ ሲሄዱ ነው።

አምና ቢሮ ውስጥ ራስዎን ስተው ወድቀው ወደ አዲስ አበባ ሲላኩ ይህን ሁሉ ይዤ ነው የጠበቅኩዎት። የአንጎል ምርመራ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ አልነበረም። አልጋው ላይ አስተኛሁዎት፣ ራስዎን በሜትር ለካሁ፣ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረግሁ፣ ትንንሾቹን ጽዋዎች በቅባት አጣበቅኩ። ጸጉርዎ ሥሩ ነጭ ነበር። የማሽኑ ስምንት ብዕሮች ወረቀቱ ላይ መጻፍ ሲጀምሩ አንገትዎን አዞሩ።

«እነዚህን የሚያንቀሳቅስ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እጄን ሳላነሣ?»

«እጅዎን ሳያነሡ።»

«ጽሑፉ አያምርም» አሉ። ከዚያ በሩን አይተው ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ። «ዕድሜዬን ምን ብለሽ ጻፍሽው?»

«እንደ መዝገብዎ። ሃምሳ አራት።»

«ጎበዝ» አሉኝ። በሕይወቴ ጎበዝ ያሉኝ ሦስት ጊዜ ነው፣ አንዱ ይህ ነው።

ያን ዕለት ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። ምሥራቅ ጀርመን ስምንት ወር ተልኬ የተማርኩት ይህንኑ ነው። የሰው አንጎል ትንሽ ኤሌክትሪክ አለው። ሰው ተጋድሞ ዓይኑን ሲጨፍን ከማጅራቱ በላይ ያለው ክፍል በሥርዓት መምታት ይጀምራል፣ ብዕሮቹም ያንን እንደ ማዕበል ይጽፉታል። የሕፃን ዝግ ያለ ነው፣ በሰከንድ ሦስት አራት ነው። እያደገ ሲሄድ ይፈጥናል፤ ጎልማሳ ሲሆን አሥር አሥራ አንድ ይደርስና ለብዙ ዓመት እዚያው ይቆያል። ስድሳ ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ዘጠኝ፣ ስምንት ተኩል፣ ስምንት ይሆናል። በግራ ጆሮ ግንድ በኩልም አልፎ አልፎ ሰነፍ ማዕበል ጣል ይላል። ይህ እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ማዕበሉን ሳይሆን ወረቀቱ ጫፍ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ነው። ስምንት ለሽማግሌ ጤና ነው፣ ለጎልማሳ ግን ያሳስባል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም ከኋላ በኩል ገና ያልጠፋ የልጅነት ማዕበል ይኖረዋል። አሳምነውን አስተኝቼው ቢሆን ብዕሮቹ ልጅ ነው ብለው ይጽፉልኝ ነበር፤ የሚቀበለኝ ባይኖርም።

ዓይንዎን እንዲጨፍኑ ነገርኩዎት። ማስመሪያ አስጠግቼ ቆጠርኩ። በሰከንድ ስምንት ሆነ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ገልጦ ገልጦ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ መሆንዎን ያውቃል።

«አፀደ፣ ዕድሜያቸው ትክክል ነው? ሰባ ቢሆኑ ኖሮ ለሰባ ዓመት ሰው ደህና ነው ብዬ እፈርም ነበር። ለሃምሳ አራት ግን ይህ ጥሩ አይደለም። በዚያ ላይ ወድቀዋል።»

በሩ ተዘግቷል፣ ሌላ ሰው የለም። ሐኪሙ ወሬ የማያወጣ ሰው ነው፤ እውነቱን ብነግረው ዝም ብሎ ይፈርምልዎ ነበር። እኔ ግን «ሻይ አምጪ» ያሉኝ ትዝ አለኝ።

«ትክክል ነው» አልኩት።

እንዲህ ነው ቦርድ የወጡት። ለሥራ፣ ለፊርማና ለምስክርነት ብቁ አይደሉም የሚለው ወረቀት አንዱ ለመሥሪያ ቤትዎ፣ አንዱ ለቀበሌው ተላከ። ብዕርዎንና የመዝገቡን ቁልፍ እንደተቀበሉዎት፣ ቀበሌ ሲሄዱ ልጆች እንደሚነሡልዎትና ማንም ግን እንደማይሰማዎት ሁሴኖ ሲነግረኝ ደስ አለኝ። አልደብቅዎትም፣ ሳቅሁ። እርስዎን የሚያመው ብዕርዎ እንጂ ልጅዎ አይደለም ብዬ አስቤ ነበር። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ።

ባለፈው ወር ሁሴኖ ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ቤቴ ድረስ አፈላለገኝ። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥ አለ።

«አፀደ፣ አሳምነው ተይዟል። ከግንባር ኮብልሎ አሰላ ሊገባ ሲል፣ ዴራ ላይ ከእህል መኪና ሲወርድ ያዙት። አሁን አሰላ ነው። መልሰው ሊልኩት ነው ይላሉ። ኦቦ ወልደ ጊዮርጊስ ደግሞ፣ ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

ያደረጉትን እርስዎ ያውቁታል። እኔ የሰማሁትን ልጻፍልዎ፣ ስሕተት ካለው ያርሙኝ። ልጁ የታሰረበት የውትድርና ምልመላ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሦስት ቀን ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ሲያስገቡዎት መቶ አለቃው ፊት፣ ጓድ ሀይሉም ተቀምጠው ሳለ፣ እንዲህ አሉ፦ «ልጁ ሲሄድ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የራሴንም ቀንሻለሁ፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እኔን እሰሩኝና ልጁን ልቀቁት።»

ጓድ ሀይሉ የሐኪሙን ወረቀት ከፋይል አውጥተው አነበቡ። ከዚያ መዝገብዎን ከጎኑ አስቀመጡ።

«ሰባ አንድ ይላሉ፣ መዝገቡ ሃምሳ አምስት ይላል። ሰውዬው የራሳቸውን ዕድሜ አያውቁም። ሐኪሙ የጻፈው ይኸው ነው።»

ማንም አልተቆጣዎትም። ወንበር ሰጡዎት፣ ውሃ አጠጡዎት፣ አንድ ወታደር ክንድዎን ይዞ እስከ ቤት አደረሰዎት። ሁሴኖ በር ላይ ሆኖ ሰምቷል። «ቢስቁ ይሻል ነበር» አለኝ።

ዕድሜዎን ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የተናገሩ ቀን በሽተኛ መሆንዎ ተረጋገጠ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ልጎዳበት ያዘጋጀሁት ወረቀት ልጁን አሰረው። ልጁን ለማዳን አንድ ሰው ብቻ ይበቃ ነበር፣ ያን ሰው አስቀድሜ አሳብጄ አስቀምጬዋለሁ። ሁሴኖ ከሄደ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለእርስዎ ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። «ሌላ ሰው ላይስ አድርገሽዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላደረግኩም፣ ግን ባያምነኝ አይፈረድበትም። አዲስ ወረቀት ለመጻፍ ዕድሜዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ እንዳመጣ ነገረኝ። የትኛውን ሰነድ አመጣለሁ? ያለው ሰነድ ሁሉ የእርስዎ ሥራ ነው። የምርመራዎን ጥቅል ግን አልከለከለኝም። በዚያው ቀን ታገድኩ።

ጥቅሉን በነጠላ ጠቅልዬ አሰላ ገባሁ። መቶ አለቃው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለትና በማስመሪያ እየቆጠርኩ አስረዳሁት። ስምንት፣ አየህ፣ ይህ ሰባ ዓመት የሆነው ሰው ነው፣ የታመመ ሰው አይደለም፣ ስለ ልጁ የተናገረው እውነት ነው አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ጣቱን የወረቀቱ ጫፍ ላይ አደረገ።

«ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ።»

«ሃምሳ አራት ይላል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ያኔ ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን?»

«ያኔ።»

«አባትሽን ለማሳመም የዋሸሽ ሴት ወንድምሽን ለማስፈታት አትዋሺም ብዬ ልመን?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቱን ራሱ አጥፎ ሰጠኝ። ልጁ በማግሥቱ ጠዋት እንደሚጫን፣ በር ላይ ላየው እንደምችል ነገረኝ።

ከዚያ በእኛ ቤት በኩል አለፍኩ። አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጭላሎ ላይ ደመና ቢኖርም ከተማው ውስጥ ፀሐይ ነበር። ጸጉርዎ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ቀለሙን ትተውታል። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አወረድኩ።

«ማን ነው?» አሉ።

መልስ ሳልሰጥ አለፍኩ። የሁሴኖ እኅት ሀሊሜ ቤት አደርኩ።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ከብዶኝ አልነበረም። ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ነው አራት ቀን የፈጀብኝ።

ጠዋት መኪናው ሳይነሣ አሳምነውን በር ላይ አገኘሁት። ጠባቂው ጥቂት ደቂቃ ሰጠን። ከእኔ በልጦ ረዝሟል። ጢም ግን አላወጣም፣ ጉንጩ የልጅ ነው። ለቁርሱ ዳቦ አቀበልኩት፣ እየበላ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ አባባ የት አሉ?»

«ቤት።»

«ሦስት ሳምንት እዚህ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም።»

ከዚያ ግንብ ወዲያ ማዶ ሦስት ቀን ቆመው እንደዋሉ፣ እኔን እሰሩኝ ብለው እንደተናገሩ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

«ታመዋል» አልኩት። «አእምሯቸው ደክሟል፣ ሰው አይለዩም።»

«እንዲያ ነው» አለ። ዳቦውን መብላት ተወ። «እኔ እኮ የሸሸሁት እሳቸውን ላነጋግር ነበር» አለኝ። ለምን እንዳደረጉት ከአፍዎ ሊሰማ ነበር የመጣው። ከዚያ ጠሩት፣ ወጣ፣ መኪናው ሄደ።

ጠባቂው ቆሞ ስለነበረ ነው ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞክሬ ነበር። አይደለም። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ የጠባው ጡጦ የእኔ ነው፣ ሊያድነው የሞከረው ግን እርስዎ ሆኑ። ያንን ልሰጥዎ አልቻልኩም። ልጁ እኔን ብቻ ይዞ እንዲሄድ ፈለግሁ።

እርስዎ ልጅዎን የሰጡት ፈርተው ነው። እኔ የፈራሁት ነገር አልነበረም። የቱ እንደሚብስ እርስዎ ይፍረዱ፤ ፍርድዎ በወረቀት ባይጸናም እኔ እቀበለዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለማንም ቢያሳዩ አይጠቅምዎትም፤ የእኔን ቃል ማንም እንደማያምን መቶ አለቃው ፊት ሞክሬ አይቻለሁ። ለእርስዎ ብቻ የተጻፈ ነው። አሳምነው ከተመለሰ ሄደው መናገርዎን፣ ቃል በቃል ምን እንዳሉ፣ ሦስት ቀን መቆምዎን እኔው እነግረዋለሁ። ያልጠየቁት አባት አለመሆንዎን ከእኔ አፍ ይሰማል። ይህን ቃል እገባልዎታለሁ። ካልተመለሰ ግን አባቱ ያልፈለገው ልጅ ሆኖ ነው የሚሞተው፤ እንዲያ ያደረገው እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ።

ልጅዎ፣
አፀደ ወልደ ጊዮርጊስ